ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከዋንጫ ይልቅ መርህን ያስቀደሙ የአፍሪካ ስፖርት መሪ

አገሮች በብሔራዊ ቡድን ተወክለው የሚፎካከሩበት ዓለም አቀፍ ውድድር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በሜዳ ቴኒስ የዴቪስ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦስተን ከተማ የተካሄደው እ.ኤ.አ በ1900 ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ አሜሪካና ብሪታኒያ ብቻ ነበሩ። አፍሪካውያን ግን አብዛኛው የአህጉሪቱ ክፍል በቅኝ አገዛዝ ሥር በመውደቁ የራሳቸውን የአገሮች ውድድር ለማየት እስከ 1957 መጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል። ያንን ውድድር ከመሠረቱት፣ ከዚያም በዘር ልዩነት እንዳይበከል ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታገሉት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁ፣ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል የሚቆጠሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በኳስ ሜዳ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለ23 ዓመታት ያህል የክለቡን መለያ ለብሰው ተጫውተዋል።

የወጣትነት ዘመናቸው ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጋር የተገጣጠመ ነበር። ወራሪው ኃይል የዘር ልዩነትን ሕግ አድርጎ በደነገገበት በዚያ ወቅት የአገሬው ተወላጆች ከነጮች ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይገናኙ ተከልክለው ነበር። አቶ ይድነቃቸው በኋላ ዘመናቸው በስፖርት ውስጥ ያለውን የቀለም መድልዎ ያለማወላወል የተቃወሙት ይህንኑ በገዛ አገራቸው ያዩ ሰው ሆነው ነው።

ከነጻነት በኋላ አገሪቱ ስፖርቷን ዳግም ስታደራጅ አቶ ይድነቃቸው ከተጫዋችነታቸው ጎን ለጎን የአስተዳደሩን ሥራ ተያያዙት። በ1936 ዓ.ም በተካሄደው የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ተሳትፈዋል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአንድ ሜዳ መገናኘት ያልተፈቀደላቸው ወገኖች በአንድ ደንብ ሥር እኩል ተሰለፉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ የካቲት 1957 በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አቶ ይድነቃቸው ኢትዮጵያን ወክለው በጉባኤው ተገኝተዋል። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ይሁን እንጂ የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ሦስቱ አገሮች ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ አደረጉት። ገና በእግሩ ላልቆመ ተቋም ከአራት አባላት አንዱን ማጣት ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን መርሁ ከቁጥሩ በለጠ። በዕጣው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ያንን ሽንፈት ካሰች። አቶ ይድነቃቸው በአሰልጣኝነት የመሩት ብሔራዊ ቡድን በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትቶ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ለፍጻሜ ከተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ከግብፅ ቡድን ጋር ተጋጠመ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ የሆነው ቡድን በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች 4 ለ 2 አሸነፈ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህ ድል ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ በአፍሪካ ዋንጫ ያገኘችው ብቸኛ ዋንጫ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከዚህ በኋላ ትግላቸውን ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ አሸጋገሩ። ፊፋ ለ1966 የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ በመመደቡ፣ እሳቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን በግንባር ቀደምትነት አስተባበሩ። የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ውሳኔው ዋጋ ያስከፈለ ነበር፤ በዘመኑ ጠንካራ ቡድን የነበራቸው አገሮች ወደ እንግሊዝ የመሄድ ዕድላቸውን ሠውተዋል። ውጤቱ ግን ብዙ አልዘገየም። ከ1970 የዓለም ዋንጫ ጀምሮ አፍሪካ የራሷን ቋሚ ቦታ ያገኘች ሲሆን፣ በ1982 ደግሞ ቦታዋ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚህ ኃላፊነታቸው ዋነኛ አጀንዳቸው የአፓርታይድ ጉዳይ ነበር። በሌሎች ስፖርቶችም ጥያቄው በተመሳሳይ መልኩ እየተነሳ ነበር። በ1974 የዴቪስ ዋንጫ ለፍጻሜ የደረሰችው ህንድ ከአፓርታይድ መንግሥት ቡድን ጋር አልጫወትም በማለቷ፣ ደቡብ አፍሪካ ዋንጫውን ያለ ጨዋታ ወስዳለች። በቴኒስ ዋጋውን የከፈለው ተቃዋሚው ወገን መሆኑን ልብ ይሏል። በእግር ኳስ ግን ሁኔታው የተለየ ነበር። በ1974 የአፍሪካ ድምፅ ብራዚላዊውን ዣኦ ሃቬላንጅን ለፊፋ ፕሬዚዳንትነት ሲያበቃ የአህጉሪቱ የመደራደር አቅም አደገ። ከሁለት ዓመት በኋላም በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

በአህጉሩ ውስጥም ቢሆን አቶ ይድነቃቸው ምቹውን መንገድ አልመረጡም። ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸው የአፍሪካን ስፖርት ያቀጭጨዋል የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። ኮንፌዴሬሽኑ ለአንድ ብሔራዊ ቡድን ከአህጉሩ ውጪ የሚጫወቱ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ የሚፈቅድ ደንብ አውጥቶ ለዓመታት ሠርቶበታል። ደንቡ በ1982 ቢሻርም፣ የተጫዋቾች ፍልሰት ጥያቄ ዛሬም ድረስ መልስ ያላገኘ መሆኑ ሥጋታቸው መሠረት እንደነበረው ያመለክታል።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት እየመሩ ሳለ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የታገሉለትን የአፓርታይድ ውድቀት በዓይናቸው ለማየት አልታደሉም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ፍሬው ታየ። ደቡብ አፍሪካ ዳግም በተመለሰችበት የ1992 የባርሴሎና ኦሎምፒክ፣ ከዲክሲስና ከአሰላ ጋር በአንድ የአርሲ ደጋ ከምትገኘው ከበቆጂ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትር ውድድርን አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች። ሁለቱ አትሌቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካም በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳ፣ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች በአንድነት በተሰለፉበት ቡድን ዋንጫውን አነሳች። በ1957 በካርቱም የተዘጋው በር የተከፈተው ሦስቱ አገሮች ባስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ መሠረት ነበር።

የአቶ ይድነቃቸው ሕይወት የሕዝብ ኃላፊነት ለተሸከመ ሁሉ የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አለው። አንድ ተቋም ገና ደካማ በሆነበት ወቅት የሚይዘው አቋም የነገ ክብሩን ይወስናል። ለጊዜያዊ ጥቅም ሲባል የሚታጠፍ ደንብ ተመልሶ ለመቃናት ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ በጊዜው ብዙ ያስከፈለ መርህ ግን ለተተኪው ትውልድ መንገድ ይጠርጋል።