አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ

አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ዓመት በወሎ ቦረና፣ ሰግላ በሚባል አገር ተወለዱ። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰደዷቸው፤ ነገር ግን ገድላቸው እንደሚያስረዳው 7 ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባ ስላላቸው ጓደኞቻቸው ይሥቁባቸው ነበር። እርሳቸውም ስለ ድንቁርናቸው እያዘኑ፣ ቀን ለመነኮሳቱ እህል ሲፈጩ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ሲያለቅሱ ኖሩ፤ ተስፋቸው ግን ከእህሉ ጋራ አልደቀቀም። በኋላ ልቡናቸው በርቶ ሰዓታትን፣ አርጋኖንንና ኆኅተ ብርሃንን ደረሱ። በሐሰት ተከሰው ቢታሰሩም ከጸሎታቸው አልተለዩም፤ በ1416 ዓ.ም. መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸሙ። መታሰቢያቸውም ሐምሌ 7 ቀን ነው። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ አጥቢያዎች ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የሚሰማው፣ ትምህርት አይሆነውም ተብሎ የተናቀው የዚያ ልጅ ድርሰት ነው። እንግዲህ ትምህርቱ የከበደው ደቀ መዝሙር፣ ባለፈው ዘመኑ የሚጸጸትም ምእመን ተስፋ አይቁረጥ።