አፄ ዘርዐ ያዕቆብና አምባ ግሸን

ልጆች፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ምእመናን ወደ ግሸን ማርያም እንደሚጓዙ ሰምታችኋል። ግሸን በወሎ የሚገኝ አምባ ነው። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ ሲሆን ቅርጹም መስቀል ይመስላል። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ግን ይህ አምባ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ምሽግ ነበር። ወንድም ከወንድሙ ስለ ዙፋን እንዳይዋጋ ተብሎ፣ ከነገሠው በቀር ሌሎቹ በዚያ በዘበኛ ተከበው ይኖሩ ነበር።

አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ተወለዱ። አባታቸው አፄ ዳዊት፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ። አባታቸው ሲያርፉ ወንድማቸው ቴዎድሮስ ነገሡና ወጣቱን ዘርዐ ያዕቆብን ወደ አምባው ሰደዷቸው። እዚያም ሃያ ዓመት ያህል ቆዩ። እስቲ አስቡት፤ ከወጣትነት እስከ ጎልማሳነት አንድ ተራራ ላይ! ከታች አንዱ ንጉሥ ሲያርፍ ሌላው ይተካል፤ እርሳቸውን ግን የሚጠራቸው አልነበረም። በመጨረሻ በ1426 ዓ.ም. ከአምባው ወርደው ነገሡ።

ሥርዓተ ንግሣቸውን በአክሱም ፈጸሙ። ስለ ሰንበት አከባበር በመነኮሳት መካከል የነበረው ክርክር በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እንዲያበቃ አደረጉ፤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ተወሰነ። መጽሐፈ ብርሃን በስማቸው ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ ነው። በሸዋም ከሰማይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠርተው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት።

ሆኖም ንጉሡ ቍጡ ነበሩ። ጣዖት አምልከዋል ተብለው የተከሰሱ ልጆቻቸውን እንኳ በጽኑ ቀጥተዋል፤ በቅጣቱ የሞቱም አሉ። ይህን ስናነብ እናዝናለን። ሃያ ዓመት በዘበኛ ተጠብቆ የኖረ ሰው፣ ሰውን ማመን ሳይቸግረው አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው፣ አባታቸው ያስመጡትን የጌታችንን ግማደ መስቀል በክብር የሚያኖሩበትን ቦታ ሲፈልጉ ቆይተው በመጨረሻ ወደ ግሸን ወሰዱት፤ እርሳቸው በግዞት ወደ ኖሩበት ወደዚያው አምባ ማለት ነው። መስከረም 21 የሚከበረውም ይህ ነው።

ንጉሡ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ የግራኝ አሕመድ ወታደሮች ግሸንን ያዙ፤ ጠባቂዎቹን ገደሉ፤ በዚያ የነበረውንም ሀብት ዘረፉ። ከዚያ ወዲህ የነገሥታት ልጆች በግሸን መጠበቃቸው ቀረ። ዛሬ በአምባው ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ በገደሉ መካከል ባለው ጠባብ መንገድም የሚወጡት ምእመናን ናቸው።