ኖህ ዌብስተር፤ ከገጠር ትምህርት ቤት እስከ መዝገበ ቃላት

እንደሚታወቀው እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ክፍል ገብተን የልጆችን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ የምናርም ነን። በእንግሊዝኛ ደብተር ላይ ደግሞ የሚያከራክር ነገር አይጠፋም። አንዱ ልጅ ቀለም የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ‹ዩ› የምትባለዋን ፊደል ጨምሮ ይጽፈዋል፤ ሌላው ያለ ‹ዩ› ይጽፈዋል። አንዱ የጭነት መኪናን ሎሪ ሲል ሌላው ትራክ ይላል። ታዲያ ለየትኛው ነው ራይት የምንሰጠው? ለየትኛውስ ኤክስ?

ክርክሩ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስለን። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንደኛው ወጣት የነበረ አንድ የገጠር አስተማሪ በዚሁ ጉዳይ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል ኖሯል። ስሙ ኖህ ዌብስተር ይባላል። የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ኖህ ዌብስተር ጥቅምት 16 ቀን 1758 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት፣ ዌስት ሃርትፎርድ በምትባል ቦታ ተወለደ። በዚያን ጊዜ አገሩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቱ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ትምህርት ወዳድ መሆኑን ባዩ ጊዜ መሬታቸውን በዕዳ አስይዘው በ1774 የል ወደሚባለው ኮሌጅ ላኩት። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካኖች በእንግሊዝ ላይ የነጻነት ጦርነት ጀመሩ። ወጣቱም በጦርነቱ መካከል ተምሮ በ1778 ተመረቀ።

ፍላጎቱ የሕግ ትምህርት ነበር፤ ግን ገንዘብ ከየት ይምጣ? አባቱ ከዚህ በላይ ሊረዱት አልቻሉም። ስለዚህ ሆዱን ለመሙላት አስተማሪ ሆነ። ሕጉንም በትርፍ ጊዜው አጥንቶ በ1781 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ ሆኖም ሥራ ስላልቀናው ተመልሶ ወደ ማስተማር ገባ።

ሰማያዊው መጽሐፍ

የዚያ ዘመን የአሜሪካ ገጠር ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ትንሹም ትልቁም ልጅ እዚያው ይታጨቃል። ዴስክ የለም፤ የመምህሩ ደመወዝም ለወሬ አይበቃም። ከሁሉ የባሰው ግን መጽሐፉ ነበር። ልጆቹ ንባብ የሚማሩበት መጽሐፍ ቶማስ ዲልዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ያዘጋጀው ስለነበር፣ የአሜሪካ የገበሬ ልጅ አይቶት የማያውቀውን የእንግሊዝ ከተማ ስም በተርታ ይሸመድዳል። የራሱ መንደር ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

ዌብስተር ይህን ዝም ብሎ አላየም። በ1783፣ ገና 25 ዓመት ሳይሞላው፣ የራሱን የንባብና የፊደል አጣጣል መጽሐፍ አሳተመ። የእንግሊዝን ከተሞች አውጥቶ የአገሩን ከተሞች አስገባ። ልባሱ ሰማያዊ ስለነበር ሕዝቡ ሰማያዊው መጽሐፍ ይለው ጀመር። እኛ በፊደል ገበታ ሀሁ እንደቆጠርን ሁሉ፣ የአሜሪካ ልጆች ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ መጽሐፍ ንባብ ተምረዋል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቅጂም ተሽጧል። ለደራሲው ግን ከአንዱ ቅጂ አንድ ሳንቲም እንኳ አይደርሰውም ነበር። መጽሐፉን ማንም እየገለበጠ እንዳያትምበት ከክፍለ አገር ክፍለ አገር እየዞረ የደራሲ መብት ሕግ እንዲወጣ ወተወተ። የመላው አገር የመጀመሪያው የደራሲ መብት ሕግ በ1790 ወጣ።

ቃላቱ ለምን ተለያዩ?

ከእንግሊዝ የሄዱት ሰፋሪዎች አዲስ አገር ሲገቡ አዲስ እንስሳና አዲስ ተክል አገኙ። እንግሊዝኛ ስም የለውም። ስለዚህ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ስም ተዋሱ፤ ስኳንክ የተባለው የሚከረፋ እንስሳና ሂከሪ የተባለው ዛፍ ስማቸው ከዚያ የመጣ ነው። አንዳንድ አሮጌ ቃል ደግሞ ትርጉሙን ለወጠ። ኮርን የሚለው ቃል በእንግሊዝ ማናቸውም እህል ነው፤ በአሜሪካ ግን በቆሎ ብቻ ሆነ። እንዲያውም አሜሪካኖች ያበላሹት የሚመስለው ሁሉ የተበላሸ አይደለም። መጸውን ፎል ማለት ጥንት በራሷ በእንግሊዝ ይነገር ነበር፤ እንግሊዞች ተዉት፣ አሜሪካኖች ያዙት።

ዌብስተር ይህን ተመልክቶ አዲስ አገር የራሱ ቃልና የራሱ አጻጻፍ ሊኖረው ይገባል አለ። በ1806 ወደ 37,000 ቃላት ያሉት አነስተኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። የማትነበበዋን ‹ዩ› ከቀለም፣ ከክብርና ከመሳሰሉት ቃላት ያነሣት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ማእከልና ቴአትር የሚሉትንም እንደ አነባበባቸው መጨረሻቸውን አስተካከለ። ሕዝቡ ይህን ተቀበለው። ነገር ግን ምላስና ሴቶች የሚሉትን ቃላት እንደሚሰሙት እንጻፍ ሲል ማንም አልሰማውም። የቋንቋ ነገር እንዲህ ነው፤ ሊቁ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሕዝቡ ይመርጣል።

የሃያ ዓመት ሥራ

በ1807 ትልቁን መዝገበ ቃላት ጀመረ። ዙሪያውን መጻሕፍት በተደረደሩበት ጠረጴዛ ቆሞ እየተዘዋወረ ቃል ከቃል ያነጻጽር ነበር። ለዚሁ ሲል ከሃያ በላይ ቋንቋዎች አጥንቷል። እኛን ደስ የሚያሰኘን፣ ቃላቱን ከዕብራይስጥ፣ ከዐረብኛና ከሱርስጥ ጋር ሲያነጻጽር የኛን ግዕዝም መጨመሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የቃላት ምንጭ ፍለጋው ደካማ ነበር። ልሳን ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ወረደ ብሎ ስላመነ፣ በዘመኑ በጀርመን ሊቃውንት ዘንድ የተጀመረው አዲስ የምርምር ዘዴ አመለጠው።

በ1824 ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሻገረና ሥራውን በ1825 መጀመሪያ ላይ በካምብሪጅ ጨረሰ። የአሜሪካኖች መዝገበ ቃላት እንግሊዝ አገር ተጠናቀቀ ማለት ነው! በ1828 በሁለት ቅጽ ሲታተም 70,000 ቃላት ነበሩት። የታተመው 2,500 ቅጂ፣ ዋጋው 20 ዶላር ነበር። ዋጋው ለዚያ ዘመን ውድ ስለነበር ገበያው አዘገመ። ሁለተኛውን እትም ለማውጣት ቤቱን በዕዳ አስያዘ። ግንቦት 28 ቀን 1843፣ በ84 ዓመቱ፣ ዕዳው ሳይቃለልለት ዐረፈ። የማተሙን መብት ሜሪየም የተባሉ ወንድማማቾች ገዙትና መጽሐፉ ከሱ በኋላ ዝናው ናኘ።

የኛ እንግሊዝኛ ከየት መጣ?

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1946 የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በእንግሊዞች ርዳታ የቆመ ነው። እዚሁ አጠገባችን ጅማ በ1952 የተከፈተውን የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያገዙት ግን ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካኖች ናቸው። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየአውራጃው ገቡ። የሕንድ መምህራንም ብዙ ነበሩ። እንግዲህ የኛ እንግሊዝኛ ከብዙ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ቢደበላለቅ ምን ይገርማል?

መደበላለቁ ደግሞ ለባለቤቶቹም አልቀረላቸውም። እንግሊዙ ቺፕስ ሲል የተጠበሰ ትኩስ ድንች ነው፤ አሜሪካኑ በፌስታል የታሸገውን ስስ ድንች ይሰጠዋል። ፓንትስ ለአሜሪካኑ ሱሪ ነው፤ ለእንግሊዙ የውስጥ ልብስ! አንደኛ ፎቅ ለእንግሊዙ እንደኛው ከምድር ቤት በላይ ያለው ነው፤ ለአሜሪካኑ ራሱ ምድር ቤቱ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሮቦት ማለት የትራፊክ መብራት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም አንድን ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ እናውለው የሚለው አነጋገር የሁለቱን አገር ሹማምንት ብዙ እንዳከራከረ ቸርችል በማስታወሻው ጽፏል። ለእንግሊዞቹ አሁኑኑ እንነጋገርበት፣ ለአሜሪካኖቹ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ማለት ነበርና፤ ሁለቱም የፈለጉት ግን አንድ ነገር ነበር።

እኛስ ብንሆን? ላጲስ ብለን የምናጠፋበት ዕቃ ስሙ ከጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያኑ ግን ላጲስ ሲል እርሳስ ማለቱ ነው። ጋዝ ደግሞ ለኛ የኩራዝ ነው፤ ለአሜሪካኑ የመኪና ቤንዚን። ይህኛው እንኳ ለቀልድ አይመችም፤ ኩራዝ ውስጥ ቤንዚን የጨመረ ሰው ቤቱን ያቃጥላል።

ከታሪኩ የምንማረው

ዌብስተር ሊመሰገን የሚገባው የገበሬውን ልጅ ቃል ከመጽሐፍ ስላገባ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት አለው። ከእንግሊዝ መለየትን ቢፈቅድም፣ በራሱ አገር ውስጥ ግን ሁሉም እንደ አንድ ሰው እንዲናገር ይሻ ነበር፤ የየመንደሩን አነጋገር እንደ አረም ያየው ነበር። ለራሱ የጠየቀውን መብት ለጎረቤቱ ነፈገ ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በሸዋ ቤንች፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ልጅ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ሸክኛ ወይም ካፊኛ ከእናቱ የተማረ ነው። ቤንችኛ የቃልን ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ የሚለይ፣ ስድስት ዓይነት ድምፀት ያለው ቋንቋ ነው። ይህን ሁሉ ገና በልጅነቱ የሚለይ ጆሮ ያለውን ተማሪ አማርኛህ ተንጋደደ፣ እንግሊዝኛህ ተሰበረ እያልን ብናስቅበት፣ ልጁ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። እጁን ያላወጣ ልጅ ደግሞ ምን እንደጎደለው ማን ያውቅለታል?

ስለዚህ እርማት ስንጀምር እንዲህ ብናደርግ መልካም ይመስለናል። ልጁ ሎሪ ቢል ይህ የእንግሊዞች ነው፣ ትራክ ቢል ይህ የአሜሪካኖች ነው ብለን ከጎኑ እንጻፍለት። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው እንዲይዝ እንንገረው። ለፈተና የሚጠየቀው የትኛው እንደሆነም አስቀድመን እናሳውቀው። ኤክስ የሚገባው የየትም አገር ሰው የማይለው ቃል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቃሉ የማን እንደሆነ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው።