ሽቦ የታሰረባት ኳስ

የመንኮራኩር ሙቀት መከላከያ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ማቴሪያሉ ነው። እኔ ግን ላወራችሁ የፈለግሁት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከመምጠቋ አራት ዓመት በፊት፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ስለሞተው ስለ ሉድቪግ ፕራንትል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕራንትል በ1875 ጀርመን ውስጥ ፍራይዚንግ ተወለደ። ሙኒክ ተምሮ ፋብሪካ ሲቀጠር ከማሽን የሚወጣ ፍቅፋቂ በአየር የሚስብ ቱቦ እንዲያሻሽል ተሰጠው። ቱቦው እየሰፋ ሲሄድ አየሩ ግድግዳውን ይለቃል፤ ለምን? ነገሩ ከጭንቅላቱ አልወጣም። በ1904 ሃይድልበርግ ላይ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ፣ ሰበቃ ጎልቶ የሚሠራው ግድግዳውን በለበሰ ስስ ሽፋን ውስጥ መሆኑን በአሥር ደቂቃ አስረዳ። ባውንደሪ ሌየር የምንለው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ጎቲንገን ገብቶ እስኪሞት እዚያው ኖረ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የኳሷ ነገር ነው። የፓሪሱን ማማ ያሠራው ኤፍል የለካው የኳስ ድራግ ጎቲንገን ከተለካው ከግማሽ በታች ሆነ። ማን ተሳሳተ? ማንም! ፕራንትል በ1914 ኳሷን ከፊት በኩል በቀጭን ሽቦ ቀለበት አሰራት። ሌየሩ ተርቡለንት ሆነና ኳሷን ሳይለቅ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ስለሄደ ድራጉ ወረደ። ሸካራ ሲያደርጓት ቀለላት ማለት እኮ ነው። ተማሪው ኒኩራድሴ ደግሞ ቱቦ ውስጥ አሸዋ እየለጠፈ ለካ፤ ውጤቱ በ1933 ታተመ። ዛሬም ሸካራነትን የምናሰላው በዚያው አሸዋ መጠን ነው።

ሰውየው መልአክ አልነበረም። በናዚ ዘመን ለአየር ሚኒስቴር ሠርቷል፤ በሌላ በኩል ሃይዘንበርግ በተወነጀለ ጊዜ በ1938 ለሂምለር ጽፎ ተከራክሮለታል።

ታዲያ ከጠፈር በሚመለስ መንኮራኩር ላይ የኳሷ ጥቅም ጉዳት ይሆናል። ተርቡለንት ሌየር የጋለውን ጋዝ እያማሰለ ወደ ገጹ ስለሚያመጣ ሙቀቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በ2005 ሰባት ሰዎች በተሳፈሩባት ዲስከቨሪ ሆድ ላይ፣ በመከላከያ ሸክላዎቹ መካከል የተሰኩ ሁለት መሙያዎች 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ብቅ ብለው ተገኙ። ስቲቨን ሮቢንሰን ወጥቶ በእጁ መዘዛቸው። በ2009 ደግሞ ናሳ ሆን ብሎ በዚያችው መንኮራኩር ግራ ክንፍ ሥር 6 ሚሊሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ጉብታ ሠራ። ስትመለስ ሌየሩ ከጉብታዋ ኋላ ተርቡለንት ሲሆን፣ ሙቀቱም ሲዘል በመለኪያ ተያዘ።