ሩዶልፍ ዲዝል፤ ሕይወቱና ለረጅም መንገድ የቀረው ሞተር

ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ለሥራ የሚመላለሱ የሙያ ባልደረቦቻችን በተገናኙ ቁጥር ሳያነሡት የማያልፉት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ብዙ ኪሎ ሜትር የሚችል፣ ያገለገለ የናፍጣ የቤት አውቶሞቢል ለመግዛት ምኑን አይቶ መምረጥ ይገባል የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚጓዝ ሰው በዓመት 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሞላል። በዚህ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ገዢው የሚመርጠው ቀድሞ ከገቡት መካከል ሆኖአል። የተሳሳተ ሰው የብዙ ዓመት ቁጠባውን በአንድ ቀን ያጣል።

መጽሔታችን ስለ አንድ መሐንዲስ ሕይወት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ሩዶልፍ ዲዝልን የመረጥሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ስሙን የማያውቅ የለም፤ ሕይወቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የሞተሩ ብርታትና ድካም ያለበትን ስፍራ የሠሪውን ታሪክ ያህል አጥርቶ የሚያሳይ የጥገና መጽሐፍ አላጋጠመኝም። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሩዶልፍ ዲዝል መጋቢት 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከባቫርያ የመጡ ጀርመናውያን ሲሆኑ፣ አባቱ ቴዎዶር በመጽሐፍ ጥረዛና በቆዳ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው፣ ማለትም በ1870፣ የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ተነሣና ቤተሰቡ እንደ ሌሎቹ ጀርመናውያን ከፓሪስ ተባርሮ ወደ ለንደን ተሰደደ። በስደት አገር ልጅ ማሳደግ ስለከበዳቸው፣ ሩዶልፍን ብቻውን ወደ አውግስቡርግ፣ የሒሳብ መምህር ወደሆነው ዘመዳቸው ቤት ላኩት። በሰው ቤት ያደገ ልጅ ራሱን በትምህርት ማስከበር እንደሚሻ ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት የተላክን ሁላችን እናውቀዋለን፤ እርሱም በየትምህርት ቤቱ አንደኛ እየወጣ፣ በ1875 በነፃ የትምህርት ዕድል ሙኒክ ከሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ።

በዚያ ካስተማሩት መካከል ታዋቂው የማቀዝቀዣ ሊቅ ካርል ፎን ሊንደ ይገኝበት ነበር። ሊንደ ስለ ሙቀት ሲያስተምር፣ የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ ከ6 እስከ 10 ያህሉን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የቀረው ሁሉ በጭስ ማውጫና በማቀዝቀዣ ውሃ ይባክናል። ይህ ብክነት ተማሪውን ዕረፍት ነሣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል ያሰበው ይህንኑ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1879 በተስቦ ታሞ ፈተናው ቢተላለፍበትም፣ በ1880 መጀመሪያ በከፍተኛ ውጤት ተመርቆ፣ ከሊንደ ዘንድ ተቀጥሮ በፓሪስ የበረዶ ፋብሪካ ሥራ መምራት ጀመረ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የምትባል ሴት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ።

በትርፍ ጊዜው በአሞኒያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሲሞክር ብዙ ዓመት አባከነ፤ አልሆነለትም። ከዚህ ድካም ያተረፈው ግን አንድ ታላቅ አሳብ ነው። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ እጅግ ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ እንግዲህ በጋለው አየር ውስጥ ነዳጅ ቢረጭ ያለ ካንዴላና ያለ ሌላ ማቀጣጠያ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህንን የሚጠብቅለትን ፓተንት የካቲት 28 ቀን 1892 በሚል ቀን አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመትም አሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ አየሩን እስከ 250 አትሞስፌር ማመቅ ይቻላል ብሎ ያሰላ ነበር። በወረቀት ላይ የተገኘ ቁጥር በብረት ላይ እንደማይገኝ ያልቀመሰ መሐንዲስ የለምና፣ ዲዝልም ወዲያው ቁጥሩን አወረደ፤ የማቃጠያውንም ሥርዓት ለወጠ። በኋላ ተቺዎቹ ያሠራው ሞተር በፓተንቱ የተጻፈው አይደለም ብለው የከሰሱት በዚህ ምክንያት ነው። በከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ፓተንት የጻፉ ብዙዎች ሲሆኑ ሞተሩን ያስኬደው እርሱ ነው።

የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያ ወጪውን ሊችሉ ተስማሙ። ነሐሴ 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሞተር ተሞከረ። ነዳጁ ሲረጭ ግፊቱ 80 አትሞስፌር ያህል ደርሶ መለኪያው መሣሪያ ፈነዳ፤ በአጠገቡ የነበሩት ሰዎች ለጥቂት ተረፉ። ዲዝል ግን የተደሰተው በዚያች ቀን ነው፤ ነዳጁ በራሱ መቀጣጠሉን አይቶአልና። ከዚያ በኋላ ወራት ያለፉት አየሩ በፒስተኑ ፋሻና በቫልቮቹ በኩል እንዳይሾልክ በመታገል ነው። የካቲት 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ዞረ፤ ቀበቶው ሞተሩን መጎተቱን ትቶ ሞተሩ ቀበቶውን መጎተት መጀመሩን ያስተዋለው በአጠገቡ የነበረ መካኒክ ነበር። ልክ በሦስት ዓመቱ የካቲት 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሦስተኛውን ሞተር በይፋ መረመረ። 20 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋው ይህ ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት የፈጀው 238 ግራም ነዳጅ ሲሆን፣ የነዳጁን ሙቀት ከመቶ 26.2 ያህል ወደ ሥራ ለወጠ። ሊንደ በትምህርት ክፍል ያወገዘው ብክነት በዚያች ቀን ድል ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ነው ለእኛ ለገዢዎቹ የሚጠቅመው። ድሉ በተሰማ ጊዜ ገንዘብ ከየአገሩ ጎረፈ። አዶልፈስ ቡሽ የተባለው የአሜሪካ የቢራ ባለጠጋ ለፈቃዱ አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ፤ በሩሲያ የኖቤል ቤተሰብም ገዛ። በ1898 ባለ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር በኬምፕተን ለሚገኝ የክብሪት ፋብሪካ ተሸጦ ሥራ ጀመረ። ሞተሩ ግን ለገበያ አልደረሰም ነበር። በላቦራቶሪ፣ ሊቃውንት ከብበውት የሠራው ሞተር፣ በፋብሪካ ተራ ሠራተኛ እጅ ሲገባ ነዳጅ መርጫው ይደፈናል፣ አየር መጭመቂያው ይሰበራል፣ ቫልቩ ይቃጠላል። ከየቦታው የቅሬታ ደብዳቤ መጣ፤ ከአውግስቡርግም ጠጋኝ መላክ ግድ ሆነ። ዲዝል በድካምና በጭንቀት ታሞ በ1898 የነርቭ ሕመምተኞች ከሚታከሙበት ቤት ገባ። እርሱ ተኝቶ ሳለ ሞተሩን በትዕግሥት አሻሽለው ለገበያ ያበቁት ኢማኑኤል ላውስተርን የመሳሰሉ የአውግስቡርግ መሐንዲሶች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ስም በሞተሩ ላይ አልተጻፈም።

የገንዘቡ ታሪክ አሳዛኝ ነው። ዲዝል መብቶቹን በሚሊዮን ማርክ ሸጦ፣ በሙኒክ እጅግ የተዋበ ቤት አሠራ፤ የተረፈውን በመሬት ግዢና በጋሊሲያ የነዳጅ ጉድጓዶች ላይ አፍስሶ አከሰረው። በግራም ተመዝኖ የሚፈጀውን ነዳጅ ያሰላ ሰው የራሱን ሒሳብ መዝገብ በወጉ አላየም። ክብሩ ግን ከውጭ ሲታይ እያደገ ሄደ፤ በ1900 የፓሪስ ዐውደ ርእይ ሞተሩ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ፤ በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በናፍጣ ሞተር ውቅያኖስ አቋረጠች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ሞተሩ አመጣጥ በበርሊን ንግግር ሲያደርግ ግን፣ ከአገሩ ፕሮፌሰሮች ያገኘው ምስጋና ሳይሆን ብርቱ ነቀፋ ነበር።

መስከረም 29 ቀን 1913 ከአንትቨርፕ ድሬስደን በተባለች መርከብ ወደ እንግሊዝ ተሳፈረ። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ራት በልቶ፣ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ሲፈለግ አልጋው አልተተኛበትም፤ ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ ወለል ላይ ተገኙ። ከጥቂት ቀን በኋላ የሆላንድ መርከበኞች በባሕር ላይ አንድ አስከሬን አግኝተው፣ በኪሱ የነበረውን ዕቃ ወስደው አስከሬኑን ለባሕር መልሰው ተዉት፤ ዕቃውንም ልጁ ኦይገን የአባቱ መሆኑን አወቀ። በማስታወሻው ላይ በዚያች ቀን አጠገብ የመስቀል ምልክት ነበረ። ለሚስቱ ትቶላት የሄደው ቦርሳ ሲከፈት 20 ሺህ ማርክ ተገኘበት፤ ሌላው ንብረት በዕዳ ተይዞ ነበር። ሰላዮች ገደሉት የሚል ወሬ በሰፊው ቢናፈስም፣ የሒሳብ መዛግብቱ የሚናገሩት ከዚህ ወሬ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ዲዝል ሞተሩ በአውቶሞቢል ላይ ሲውል አላየም። በእርሱ ዘመን ነዳጁ የሚረጨው በታመቀ አየር ስለነበር፣ አየር መጭመቂያው ብቻ ከባድ ዕቃ ነበር። ይህ ችግር የተወገደው ፕሮስፔር ሎራንዥ በ1909 ቅድመ ማቃጠያ ክፍልን ከፈለሰፈና፣ የቦሽ ፋብሪካ በ1927 የናፍጣ ፖምፓን በብዛት መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። በ1936 መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ በበርሊን ለሕዝብ ታየ፤ ከገዢዎቹም መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት ባለታክሲዎች ናቸው። በዚያው ወራት ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የናፍጣ የጭነት መኪኖችን ይዞ መጣ። የድሮ ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ፊያት 634 ከእነዚሁ አንዱ ነው። ዛሬም በጋራዦቻችን ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፖምፓ፣ ማርሚታ የምንለው ከዚያ ዘመን የቀረ ቋንቋ ነው።

እንግዲህ ወደ ባልደረቦቻችን ጥያቄ ልመለስ። ዲዝል ያሸነፈው በማመቅ ነው፤ የተሸነፈውም በነዳጅ መርጫና በሚሾልክ አየር ነው። ያገለገለ ናፍጣ መኪና ላይም የሚታየው ይኸው ነው። የማመቅ ኃይሉ የሚፈተነው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ የሞቀ ሞተር ድካሙን ይሸሽጋል። እኔ ራሴ የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ፣ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ጠብቆኝ ኖሮ፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣልኝ። በማግስቱ ማለዳ ግን እስኪነሣ ባትሪው አለቀ፤ ከማርሚታው የወጣው ነጭ ጭስም ግቢውን ሞላው። ነጭ ጭስ ነዳጁ ሳይቃጠል መውጣቱን፣ ሰማያዊው ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁሩ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ ፋሻው አልቆአል።

አንድ ነገር ግን ከውጭ በመጣ የጥገና መጽሐፍ አይገኝም። ለምሳሌ የመርሴዲስ 240 ዲ መጽሐፍ የጤነኛ ሞተር ማመቂያ ግፊት 22 ባር ያህል፣ ዝቅተኛው 15 ባር ነው ይላል። ይህ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ወልቂጤ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ስለሚገኙ፣ በእነዚህ ከተሞች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አምስት እጅ አራት እጁ ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛው ሞተር በወልቂጤ የሚያሳየው 17 ባር ገደማ ነው። መጽሐፉን ብቻ የተከተለ መካኒክ ይህን ጤነኛ ሞተር ሊያልቅ የቀረበ ነው ብሎ ሊያስፈታው ይችላል። ይልቅስ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከት፤ ከ3 ባር በላይ የሚለያዩ ከሆነ ነገሩ ሥር የሰደደ ነው።

ጉልበቱም እንዲሁ ነው። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በእነዚህ ከተሞች ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው 240 ዲ ከጊቤ ሸለቆ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ የቀረው 52 ገደማ ይሆናል። ከባድ አውቶሞቢል ለዚህ መንገድ የሚፈልግ ሰው ተርቦ ያለውን ቢመርጥ እመክራለሁ። ተርቦ ያለው ሲገዛ ግን የተርቦው ዘንግ መወላወሉንና የዘይት መፍሰስ መኖሩን መመርመር አይቀርም። አዳዲሶቹ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት ሞተሮች ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚሠሩ፣ ጥቂት ውሃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ መርጫቸውን ያጠፋዋል። የድሮዎቹ ሜካኒካል ፖምፓ ያላቸው ግን ከ150 ባር በታች በሚከፈት ኖዝል ስለሚሠሩ የተሻለ ይታገሣሉ፤ ማንኛውም የታወቀ ፖምፓ ጠጋኝም ያድሳቸዋል። ለብዙ ኪሎ ሜትር የምመርጠው እነዚህን ነው። በአንድ የግሪክ ባለታክሲ እጅ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሄደው፣ በ2004 ወደ ፋብሪካው ቤተ መዘክር የገባው 240 ዲ ሲነገር የሚዘነጋ ነገር አለ። ያን መንገድ የጨረሰው በአንድ ሞተር ሳይሆን፣ በየጊዜው እየወጡ እየታደሱ በተለዋወጡ ሞተሮች ነው። ገዢ ሆይ፣ ኪሎ ሜትሩን ከማንበብህ በፊት ሞተሩ መቼ፣ በማን እንደታደሰ ጠይቅ።

ሁለተኛውን መኪና ለማየት ወደ ቡታጅራ የሄድሁት ከዋዜማው ጀምሬ ነው። እዚያው አድሬ፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ከሻጩ ግቢ ደረስሁ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ቁልፉን ከመጠየቄ በፊት ኮፈኖውን ከፍቼ ቴስታታውን በእጄ ዳሰስሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር።