ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ የወጣቱ ትውልድ መካሪና የዘመናዊ አማርኛ ድርሰት ፈር ቀዳጅ

ወጣቶች የሚሠማሩበትን የሥራ መስክ እንዲመርጡ ማማከር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ መታወቅ የጀመረው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ በ1908 በቦስተን ከተማ ለወጣቶች የሥራ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ያቋቋመ ሲሆን፣ ስለ ሙያ አመራረጥ የጻፈው መጽሐፍም እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ በ1909 ለሕትመት በቅቷል። በአገራችን ደግሞ ሙያው በስሙ ከመታወቁ አስቀድሞ፣ ወጣቱ ትውልድ በትምህርትና በሥራ ራሱን እንዲያንጽ በብዕራቸው ከመከሩት ቀደምት ደራስያን መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም በሸዋ፣ መርሐቤቴ ውስጥ ደን በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸውን በሞት ያጡት ገና በልጅነታቸው በመሆኑ የኑሮን ውጣ ውረድ የቀመሱት በለጋ ዕድሜያቸው ነበር። ይሁን እንጂ ችግር ከትምህርት ገበታ አላራቃቸውም። በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ተከታትለው ዕውቀታቸውን አዳበሩ።

ሹመት በአብዛኛው በትውልድና በጦር ሜዳ ጀግንነት ይገኝ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ እርሳቸው ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት የደረሱት በቀለምና በብዕር ነው። በቤተ መንግሥት የጽሕፈት ሥራ ጀምረው የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ የልዩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። በ1903 ዓ.ም ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላከው የልዑካን ቡድን ጋር የተጓዙ ሲሆን፣ በ1916 ዓ.ም ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በአውሮፓ ባደረጉት ጉብኝት ተከትለዋቸዋል።

ከመንግሥት ሥራቸው ጎን ለጎን በርካታ መጻሕፍትን አዘጋጅተዋል። ከእነዚህም መካከል በ1910 ዓ.ም የታተመው ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተሰኘው መጽሐፍ አባት ልጁን በሚመክርበት አኳኋን የተጻፈ ሲሆን፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራና ስለ መልካም ጠባይ ያስተምራል። መጽሐፉ አባት ለልጁ ከርስትና ከጉልት ይልቅ ምክርን እንደ ቅርስ የሚያወርስበት በመሆኑ ደራሲው ያለፉበትን የሕይወት መንገድ ያንጸባርቃል።

በ1924 ዓ.ም በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ያደረጉት ጉዞ አስተሳሰባቸውን ይበልጥ አጎልብቶታል። ጃፓን የራሷን ባህል ሳትለቅ በትምህርትና በእጅ ሥራ ያገኘችውን ዕድገት ተመልክተው ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ለአገራቸው ሰው አበርክተዋል። በ1925 ዓ.ም ባሳተሙት አዲስ ዓለም የተሰኘ ልቦለድ ደግሞ አወቀ የተባለ ወጣት በአውሮፓ ተምሮ ሲመለስ ከወገኖቹና ከነባሩ ልማድ ጋር የሚገጥመውን ውዝግብ ተርከዋል። ዕውቀት መቅሰም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የተማረ ሰው ዕውቀቱን ለወገኑ ጥቅም የሚያውልበትን ብልሃት መፈለግ እንዳለበት ድርሰቱ ያመላክታል።

ይህ ተስፋቸው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ክፉኛ ተፈተነ። በ1928 ዓ.ም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ስደት ሲያመሩ ለዓመታት የለፉባቸውን ሥራዎች ትተው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ጭፍጨፋ በኋላ ወራሪው ኃይል በተማሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ባካሄደው ግድያ በእንግሊዝ አገር የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴም ሕይወቱን አጥቷል። በመጻሕፍታቸው የመከሩት፣ የአገር አለኝታ ይሆናል ብለው ተስፋ የጣሉበት አዲሱ ትውልድ በገዛ ቤታቸው ሳይቀር የወረራው ሰለባ ሆነ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የአገራቸውን ነፃነት ለማየት ሳይታደሉ በመስከረም ወር 1931 ዓ.ም በስደት በነበሩበት በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በ60 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። አፅማቸውም ከድል በኋላ ወደሚወዷት አገራቸው ተመልሶ በክብር አርፏል።

ዛሬ የአሶሳን ጨምሮ በየክልሉ የተቋቋሙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በርካታ ወጣቶችን ያስመርቃሉ። በኅሩይ ዘመን በጥቂት ከውጭ አገር ተመላሾች ትከሻ ላይ ወድቆ የነበረው ዕውቀትን ከሥራ፣ ሥራን ከወገን ጥቅም ጋር የማገናኘት ጥያቄም አሁን የብዙኃኑ ወጣት ጥያቄ ሆኗል። ያለ አባት ያደገው የመርሐቤቴው ልጅ በብዕሩ ለሌሎች ልጆች አባት ሆኖ ያቆየው ምክር ዛሬም ተፈላጊነቱ አልቀነሰም።