ቀጭን መስመር የሚያሰምር እጅ፦ ቮን ደች ማን ነበር?

ዱርቤቴ፦ በገበያ ቀን፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ሞተር ሳይክሎች ተደርድረው ይቆማሉ። ወደ ገጠር ቀበሌ መንገደኛ የሚያደርሱ አሉ፤ ከበቆሎና ከዳጉሳ ማሳ ጭቃ ለብሰው የተመለሱ የግብርና ባለሙያዎች ሞተሮችም አሉ። በነዳጅ ታንካቸው ላይ የሚታየው ባለቀለም መስመር ፋብሪካ የለጠፈው ስቲከር ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይላጣል። በእጅ የተሠመረ መስመር ግን ሌላ ነው። ይህን ጥበብ በሞተርና በመኪና ላይ ዳግም ነፍስ የዘሩበት ሰዎች ሲነሡ ስሙ የሚቀድመው ኬኔት ሮበርት ሃዋርድ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ቮን ደች በሚለው ቅጽል ስሙ ነው።

ሃዋርድ እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 1929 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ተወለደ። አባቱ ዋሊ ሃዋርድ በሎስ አንጀለስ የታወቀ ታፔላ ጻፊ ነበር። ልጁ የብሩሽ አያያዝንና የቀለም አቀጣጠንን የቀሰመው ከአባቱ ሥራ ነው። "ደች" የሚለው ቅጽል ስምም ከግትርነቱ የመጣ እንደሆነ ይነገራል።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ጆርጅ ቢራፕ በተባለ ሰው የሞተር ሳይክል መጠገኛ ተቀጠረ። ሥራው ጥገና ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሞተር ወደ ቤቱ ወስዶ፣ በአባቱ ብሩሾች ቀብቶና አስጊጦ መለሰው። አሠሪው ሥራው የልጁ እጅ መሆኑን ለማመን እንደተቸገረ ይተረካል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ከመፍቻ ይልቅ ብሩሽ እንዲይዝ ተደረገ።

መስመሩ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ብሩሹ እጀታው አጭር፣ ፀጉሩ ግን ረጅምና እንደ ሰይፍ የሾለ ነው፤ በርካታ ባለሙያዎች ከሽኮኮ ፀጉር የተሠራውን ይመርጣሉ። ፀጉሩ ረጅም የሆነው ብዙ ቀለም እንዲይዝና መስመሩ መካከል ላይ እንዳይቋረጥ ነው። ሰዓሊው ትንሿን ጣቱን ብረቱ ላይ አስደግፎ፣ ክንዱን በሙሉ እያንቀሳቀሰ ይስባል። ማስመሪያ የለም። ቀለሙ ዘይትነት ያለው በመሆኑ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ስሕተት ቢፈጠር ፈጥኖ መጥረግ ይቻላል፤ ከዘገየ ግን አይመለስም። ያለ ገመድ፣ በዓይኑና በሞፈሩ ብቻ ቀጥ ያለ ፈር የሚያወጣ የአቸፈር ገበሬ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

ጥበቡን የፈጠረው ቮን ደች አይደለም። ከመኪና በፊት ሠረገሎች በእጅ ይሠመሩ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎችና መኪኖችም እንዲሁ። የፋብሪካ ምርት ሲፋጠን የእጅ ሥራው እየቀረ ሄደ። ቮን ደች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲመልሰው ግን ቀጥ ያለውን መስመር ጠመዘዘው፤ መስመሮቹ እርስ በርስ እየተሻገሩ፣ ግራውና ቀኙ እየተመሳሰለ፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን በመጻሕፍት ራስጌ የሚስሉትን ሐረግ የሚያስታውስ ቅርጽ ያዙ። ክንፍ ያለው ዓይንም መለያው ሆነ። ደንበኞች ሞተራቸውን ትተውለት ይሄዱ ነበር፤ ምን እንደሚሥል የሚወስነው እርሱ እንጂ ከፋዩ አልነበረም ይባላል።

ገንዘብን ይሸሽ ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ መያዝን እንደ ሸክም ይቆጥር ስለነበር፣ ዝናው ሲገን ከሎስ አንጀለስ ርቆ ወደ አሪዞና ሄደ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳንታ ፓውላ በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ፣ ቤትም ጋራዥም ባደረገው አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ይኖር ነበር። እዚያም ቢላዋና የጦር መሣሪያ ሳይቀር በእጁ ይሠራ ነበር። መጠጥ አካሉን ጎዳው። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1992 በ63 ዓመቱ አረፈ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ከሞቱ በኋላ ይፋ የሆነ ደብዳቤው የዘረኝነትና የናዚ ደጋፊነት አቋም እንደነበረው አሳይቷል። ጥቁር አንባቢ እጁን እያደነቀ ይህን ልዝለል ቢል ራሱን ያታልላል፤ እኔም ስጽፍ አልዘለልኩትም።

ስሙ ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ያዘ። ሴት ልጆቹ የስሙን መብት ሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቮን ደች የሚል ጽሑፍ ያለበት ባርኔጣ የታዋቂ ዘፋኞችና ተዋንያን መለያ ሆነ። አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ የኖረው ሰው ስም የሚሊዮኖች ዶላር ንግድ ሆነ። ባርኔጣውን ካደረጉት መካከል ብሩሽ ይዞ የኖረ ሰው መሆኑን የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ።

ጥበቡን የወረሱት ሠዓሊዎች ግን ገንዘቡን ወደ ሌላ አቅጣጫ መሩት። በአሜሪካ በሞተርና በመኪና ትርኢቶች ላይ በአንድ ድንኳን ሥር ተሰብስበው፣ በቁራጭ ላሜራና በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይሠላሉ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ተቀብሎ የሚጨርስበት ጊዜም አለ። ሥራው እዚያው በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢውም ለታመሙ ሕፃናት ሆስፒታል ወይም ለተቸገረ የሙያ ባልደረባ ይሰጣል። ሞተረኞቹ ራሳቸው ለዚህ እንግዳ አይደሉም፤ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው ግሌንዴል እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ጉዞ ጡንቻ ለሚያመነምን ሕመም ተጠቂዎች ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ቮን ደች የበጎ አድራጎት መሪ አልነበረም፤ ጨረታውን የፈጠሩት ተከታዮቹ ናቸው። መሸጫቸው ግን እርሱ ዳግም ያስወደደው መስመር ነው።

የእጅ መስመር ዛሬም ከፋብሪካ ጨርሶ አልጠፋም። በሕንድ የሚመረተው ሮያል ኢንፊልድ ሞተር የነዳጅ ታንክ መስመሩን ለዓመታት በሰው እጅ ሲያሠራ ቆይቷል። ዱርቤቴ ላይ የምናያቸው ባጃጆችም ከዚያው አገር የመጡ ናቸው፤ በእነርሱና በአይሱዙዎች ላይ ስምና ምሳሌያዊ አነጋገር የሚጽፉት የእኛ ታፔላ ጻፊዎችም፣ ልክ እንደ ዋሊ ሃዋርድ፣ ብሩሻቸውን ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ።